ውኃ የሞላች መኪና፦ የአቶ ቢሻው ደረሰ የሕይወት ታሪክ (1947–2011 ዓ.ም.)

አቶ ቢሻው ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ አለኸኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸጋ ውበቴ፣ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በአገው ምድር አውራጃ፣ ከአዘና ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር መንደር ጥቅምት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ የጥቅምት ሚካኤል መሆኑን እናታቸው አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ዓመቱን ግን አባታቸው አንድ ከፍ፣ እናታቸው አንድ ዝቅ ያደርጉት ስለነበር ባለታሪኩ መሐሉን ይዘው ኖረዋል።

አባታቸው ገብስና ድንች አምራች ገበሬ፣ ከዚያም በላይ የታወቁ ፈረስ ወዳድ ነበሩ። አቶ ቢሻውም በእግራቸው ከመሄዳቸው በፊት ኮርቻ ላይ ተቀምጠዋል ይባላል፤ ትንሽ ማጋነን ሳይኖርበት አይቀርም። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ሲሆን አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲደሰቱ በአዊኛ ይናገሩ ስለነበር፣ እኛ ልጆቻቸው ገና ከበር ሲገቡ ቋንቋቸውን ሰምተን ውሏቸው እንዴት እንደነበር እናውቅ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አዘና በሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ሰባተኛና ስምንተኛን ዳንግላ፣ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው ጨረሱ። በሒሳብ ጎበዝ እንደነበሩ ደጋግመው ነግረውናል፤ ካርዳቸውን ግን አሳይተውን አያውቁም። ልባቸው ከደብተሩ ይልቅ በዳንግላ አውራ ጎዳና በሚያልፉት የጭነት መኪኖች ላይ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ ስድስት ዓመት ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ ቆይተው በ1971 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ መንጃ ፈቃድ አወጡ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በዳንግላ ከተማ የማዘጋጃ ቤት የውኃ መኪና ሾፌር ሆነው ተቀጠሩ። የቅጥር ደብዳቤያቸው ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ። «የሾፌርነት ሥራና ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» ይላል። ያን ጊዜ እሳት ማጥፋት ከተዛማጆቹ ሥራዎች አንዱ ነበር።

የውኃ መኪናዋ የዓመቱን እኩሌታ ተበላሽታ ትቆም ስለነበር፣ ከተማው እሳት ሲነሣበት የሚተማመነው በሌላ ነገር ነበር። ከባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የመኪና ጎማ ቸርኬ፣ እሱን የሚደበድቡበት ብረት፣ ሁለት በርሜል የተጫነበት የፈረስ ጋሪና አሥራ ሁለት ባልዲ። ከባልዲዎቹ አራቱ ቀዳዳ ነበሩ። የጋሪው ፈረስ ቸርኬው ሲደወል ባለጋሪውን ሳይጠብቅ በርሜሎቹን እየጎተተ ይወጣ እንደነበር አባታችን ሲያወጉን፣ «ከሁላችንም በፊት የተቀጠረ እሱ ነው፤ እኔ የእሱ ምክትል ነበርሁ» ይሉ ነበር።

ከትዳር አጋራቸው ከወ/ሮ ደጊቱ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በ1976 ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ አንድ ቤት ተቃጥሎ ሰው ተሰልፎ ባልዲ ሲቀባበል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አባታችን «ባልዲ ስትቀበል አንዲት ጠብታ የማታፈስ ልጅ አየሁ» ይሉ ነበር። እናታችን ደግሞ «እኔ ያየሁት ውኃውን ሁሉ በራሱ ላይ የሚደፋ ሰው ነው፤ አሳዘነኝና አገባሁት» ይላሉ። በ1977 ዓ.ም. ተጋብተው አንዳርጋቸውን፣ ልክየለሽንና ክብረትን ወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሿ ክብረት ናት፤ አንዳንድ ቦታ «እኔ» ማለቷ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅርታ ትጠይቃለች።

በ1986 ዓ.ም. ወደ እንጅባራ፣ እርሳቸው እስከ መጨረሻው እንደሚጠሯት ወደ ቆሰበር፣ ተዛወሩ። እዚህ የጠበቃቸው የእሳት አደጋ ጣቢያ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። ከዳሱ ሥር የምትቆመው ሰማያዊ የውኃ መኪና ናት። ጀርባዋ ላይ ሞተር ፓምፕ ታስሮባታል፤ ቱቦዋ በተቀደደ ቁጥር ጫማ ሰፊ ዘንድ እየተወሰደ ይጠገናል። ጠዋት ለየመሥሪያ ቤቱ ውኃ ታድላለች፣ እሳት ሲነሣ እሳት ታጠፋለች፣ ለጥምቀት አቧራ ታርሳለች። አቶ ቢሻው በዚህች መኪና አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ብሬኳ አስቸጋሪ ስለነበር፣ ሲደርሱ ሳይሆን ለመድረስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራቸው መርገጥ እንደሚጀምሩ አብረዋቸው የሠሩ ይመሰክራሉ።

ኅዳር 2003 ዓ.ም. ቀይዋ መኪና መጣች። ባሕር ማዶ ብዙ ዘመን ያገለገለች ብትሆንም ለእኛ ሙሽራ ነበረች። ሦስት ሺህ ሊትር ውኃ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ላይ መሰላል፣ ጎኗ ላይ የተጠቀለለ ቱቦ፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ መብራት። የከተማው ሰው ለአንድ ሳምንት ያህል ሊያያት ይመጣ ነበር። ችግሩ፣ መቆጣጠሪያዋ ላይ የተጻፈው ሁሉ ማንም በማያውቀው ቋንቋ መሆኑ ነው። አቶ ቢሻው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫኑ፣ የሆነውን እያዩ፣ ከየሥራቸው በነጭ ፕላስተር ላይ በአማርኛ ጻፉላቸው። «ውኃ»፣ «መብራት»፣ «መጥረጊያ»፣ «አይነካ»። «አይነካ» የተባለው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የሳይረኑን ቁልፍ ያገኙት ግን በገበያ ቀን ነበር። የገበያው ፈረስና በቅሎ ሁሉ ገመዱን በጥሶ ተበተነ፤ አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ በማግስቱ ነው የተገኘችው። በፈረስ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት በቀላሉ አይታለፍም። አቶ ቢሻው ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ፈረሰኞች ወደሚለማመዱበት ሜዳ እየወሰዱ፣ ሳይረኑን መጀመሪያ ለአንድ አፍታ፣ ቀጥሎ ረዘም እያደረጉ ፈረሶቹን አለማመዱ። በየመሐሉ ሞተሩን አጥፍተው፣ ወርደው አንገታቸውን እያሻሹ በአዊኛ ያጫውቷቸዋል። በዓመቱ የቆሰበር ፈረስ ሳይረን ሲሰማ ጌታው ሳያዘው ወደ ዳር መውጣት ለመደ። ባጃጆቹ እስካሁን አልለመዱም።

ከዚህ ሁሉ ደስታ መሐል አንድ ክፉ ቀን አለ። እርሳቸው ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ሳይደብቁ ይናገሩት ስለነበር እኛም አንደብቀውም።

ጥር 27 ቀን 2004 ዓ.ም. የከተማው የቧንቧ ውኃ ከተቋረጠ አራተኛ ቀኑ ነበር። አንድ የእድራችን አባል የወንድሙን ተዝካር ደግሶ፣ ውኃ አጥቶ ተጨነቀ። በእኛ አገር የእድር ሰው ሲቸገር እያዩ «የለም» ማለት ነውር ነው፤ አባታችን ደግሞ ሲፈጥራቸው እምቢ ማለት አያውቁም። «እሰጥህና ወዲያው ወንዝ ወርጄ እሞላታለሁ» አሉና የመኪናዋን ውኃ በድግሱ ቤት ጋንና በርሜል ውስጥ ገለበጡት። ወደ ወንዝ መንገድ ሳይጀምሩ ከአቶ ውዱ የቀርከሃ ሥራ ቤት እሳት ተነሣ።

አቶ ውዱ ወንበርና አልጋ ሠርተው የሚተዳደሩ፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው የከተማችን ሰው ናቸው። ደረቅ ቀርከሃ እሳት ሲይዘው እንደ ጥይት እየጮኸ ነው የሚነደው። አቶ ቢሻው፣ ከታች የቀረ ውኃ አይጠፋም ብለው መኪናዋን እያስጮኹ ደረሱ። ሰው እልል ብሎ መንገድ ለቀቀ። ቱቦው ተዘረጋ፣ ቁልፉ ተጫነ። ከቱቦው ጫፍ አየር ወጣ፤ ቀጥሎ አንድ ኩባያ የማይሞላ ውኃ ጠብ ጠብ አለ፤ ሌላ የለም። ሰው በአፈርና በእርጥብ ቅጠል ተረባርቦ እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ከለከለ፤ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ሥራ ቤቱ ግን በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ። አቶ ውዱ ከአመዱ ፊት ቆመው፣ «ቢሻው፣ ጩኸቷን ብቻ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» አሏቸው።

አባታችን ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ አስከትለው፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመው ከአቶ ውዱ ደጅ ቆሙ። አቶ ውዱ እንዲህ አሉ፦ «ድንጋዩን አውርድ። ካሣ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያች መኪና ከእንግዲህ ባዶዋን እንዳትቆም። ውኃዋን ለማንም እንዳትሰጥ። እኔ ራሴ መጥቼ ብለምንህ እምቢ በለኝ።» አቶ ቢሻው በሽማግሌዎቹ ፊት ማሉ። እነሆ፣ እምቢ ማለትን በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር የዕረፍት ቀናቸውን ሁሉ አቶ ውዱን ሥራ ቤት ሲያሠሩና ቀርከሃ ሲሰነጥቁላቸው አሳለፉ። በእጃቸው የሠሯት አንዲት ወንበር ቤታችን አለች፤ እስካሁን ደፍሮ የተቀመጠባት የለም። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆኑ። አባታችን ማለዳ ጣቢያ ሲገቡ፣ ከሰላምታም በፊት፣ ታንከሯን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ጠላ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ጋን እንደምታንኳኳ ሴት። የመለኪያዋን መርፌ አያምኑም ነበር።

እምቢታውም በዋዛ አልተገፋም። ደጋሹ መጣ፣ ግንበኛው መጣ፣ መኪናውን ሊያሳጥብ የፈለገ ኃላፊ መጣ። «ለእኔም?» ሲሏቸው፣ «ለእርስዎም» ይላሉ። አንዳንዱ ሰላምታ ነፈጋቸው። እንደ እርሳቸው ሰው ለሚወድ ሰው ይህ እሳት ውስጥ ከመግባት የከበደ ነበር። አዝነው ሲገቡ አይተናል፤ በአማርኛ እንኳ አይናገሩም ነበር።

ፈተናው ቤታቸው ድረስ የመጣው በእኔ ሠርግ ነው። ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ሊሆን ተቆርጦ፣ አራት መቶ ሰው ተጠርቶ፣ ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው የቧንቧው ውኃ ጠፋ። እናታችን፣ «ለሰው ድግስ ውኃ ስታድል ኖረህ፣ የገዛ ልጅህን ስትድር ጨከንህ?» አሏቸው። እርሳቸውም «ደጊቱ፣ ያኔ ስላደልሁ እኮ ነው አሁን የማልሰጥ» ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እናታችን ስምንት ቀን አኮረፏቸው፤ ጨው እንኳ የሚጠያየቁት በልጅ በኩል ነበር። እኔም ተናግሬያለሁ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ ቄሶች አሉ።

እርሳቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አዘና ላሉ ዘመዶቻቸው ላኩ። አሥራ አራት ፈረስ መጣ፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ጀሪካን ተጭኖ ሦስት ቀን ከወንዝ ውኃ ሲመላለስ ሰነበተ። ፊት የሚመሩት አባታችን ነበሩ፤ በአዊኛ እየዘፈኑ። ድግሱ ምንም አልጎደለበትም።

በሠርጉ ቀን የእኛ ማጀት ስላልበቃ፣ ሦስቱ ትልልቅ ድስቶች የተጣዱት ከጎረቤታችን ከወ/ሮ ውብአየሁ ማድ ቤት ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደርሶ፣ እኔ ለምርቃት የአባቴን ጉልበት ልስም ስጎነበስ፣ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ቀና ስል ጉልበቱ ሄዷል።

የነደደው የወ/ሮ ውብአየሁ ማድ ቤት ነው። ከድስቶቻችን ሥር የተነሣው እሳት የእንጨቱን ግድግዳ ይዞ ወደ ትልቁ ቤት ጣሪያ እየተሳበ ነበር። ትልቁ ቤት ውስጥ ደግሞ የወ/ሮ ውብአየሁ አራስ ልጅ ከነሕፃኗ ተኝታለች። አራሷን ከነሕፃኗ ሴቶች ደግፈው ሲያወጧት፣ የዕለቱ ተረኛ ሾፌር አቶ ደጉ ቀይዋን መኪና እያስጮኸ ደረሰ። አባታችን በሠርግ ሱፋቸው ቱቦውን ተቀበሉ፤ ሚዜዎቹ በነጭ ሸሚዝ ከኋላ ጎተቱ። ጎዳናው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የቱቦውን ጫፍ ያያል። ያን የቀርከሃ ቀን ያልረሳ አንድም ሰው አልነበረም።

ውኃው ወጣ። ያውም አባታችንን ወደ ኋላ ገፍትሮ ሚዜዎቹ ላይ እስኪጥላቸው ድረስ ወጣ። ማድ ቤቱ ከነድስቶቻችን ተቃጠለ፤ ትልቁ ቤት ግን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ጠቁሮበት ተረፈ። ያን ሳምንት ታንከሯ ለእኛ ድግስ ተገልብጣ ቢሆን ኖሮ፣ የአራሷን ቤት የሚያቃጥለው የእኔ ሠርግ ወጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት እዚያው ቆሜ ነው፤ አፈርኩም፣ ኮራሁም። እናታችን በሰው መሐል ሰንጥቀው ሄደው በአዲሱ ነጠላቸው የአባታችንን ፊት ጠረጉ። የስምንት ቀኑ ኩርፊያ እዚያ ላይ አበቃ።

አባታችን ግን ወደ ሠርጉ አልተመለሱም። ከአቶ ደጉ ጎን መኪናዋ ላይ ወጡ። «አባባ፣ ምርቃቱስ?» ብዬ ብጮህ፣ በመስኮት ብቅ ብለው «ምርቃት አያልቅም፤ ውኃ ነው የሚያልቅ። ቆይ!» አሉኝና ታንከሯን ሊያስሞሉ ወንዝ ወረዱ። ሙሽራውና አጃቢው፣ እኔም በቬሎዬ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅናቸው። ከተመለሱ በኋላ ከላይ እስከ ታች ረጥበው፣ ጭስ ጭስ እየሸተቱ መረቁን። በሠርጋችን ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ በላይ ጎልታ የምትታየው ቀይዋ መኪና ናት።

አቶ ቢሻው በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለው በጡረታ ተሰናበቱ። ተሰናበቱ የሚለው ደብዳቤው ነው እንጂ እርሳቸው አልሰሙትም። ማለዳ ማለዳ ከአቶ ውዱ ጋር ጣቢያ እየሄዱ ታንከር ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ። በ2009 ዓ.ም. የቆርቆሮው ዳስ ፈርሶ ሁለት በር ያለው፣ የተረኛ መኝታ ክፍል ያለው የግንብ ጣቢያ ሲሠራ፣ የመሠረቱን ድንጋይ ካቀበሉት አንዱ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛዋ መኪና፣ አዲሷ፣ መጣች። የውኃዋን መጠን በመስታወት ላይ በቁጥር ታሳያለች። አባታችን መስታወቱን አይተው፣ «እጅግ ጥሩ ነው» አሉ፤ ከዚያም ሄደው አንኳኩ።

ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ታመው በእንጅባራና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። አቶ ደጉ በየማለዳው ስልክ እየደወለ፣ «ጋሼ ቢሻው፣ ሁለቱም ሙሉ ናቸው» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሲቁነጠነጡ ያየች ነርስ አዝና፣ «አባ፣ ሙሉ ናቸው ተብሏል» ብትላቸው፣ «አንኳኩተሻል?» አሏት። ሕመሙ ሲጸና ባልደረቦቻቸው ሬሳቸውን በቀይዋ መኪና፣ በሳይረን ለመሸኘት ማሰባቸውን ሰሙ። ወዲያው አቶ ደጉን አስጠርተው፣ «እንዳትሞክሩት። እኔ የትም አልሄድባችሁ፤ እሳት ግን ቀጠሮ አያከብርም» አሉት። ይህ የመጨረሻ እምቢታቸው ነበር። ትናንት ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከቤተሰባቸው መሐል በሰላም ዐረፉ።

አቶ ቢሻው ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የስድስት ልጆች አያት ነበሩ።

ትናንት ከሰዓት፣ ለቅሶው ድንኳን ሞልቶ ሳለ ሳይረን ጮኸ። ሙሾው ተቋረጠ። ከማለዳ ጀምሮ ቀና ብለው ያላዩት እናታችን ቀና አሉና፣ «ውዱ፣ ሞልታለች?» ብለው ጠየቁ።

«ሞልታለች ደጊቱ። ወዲህ ስመጣ እኔው አንኳኩቻት ነው የመጣሁ» አሏቸው አቶ ውዱ።

እሳቱ የአንድ ሰው የጭድ ክምር ነበር፤ ሳይዛመት ጠፋ። ወሬው ሲደርሰን ድንኳኑ ውስጥ እልልታ ተሰማ። በለቅሶ ቤት እልልታ ነውር ነው የሚል ካለ ወ/ሮ ውብአየሁን ይጠይቅ፤ የጀመሩት እርሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ክቡራን ለቀስተኞች፣ ዛሬ ቀይዋን መኪና ከዚህ ብታጧት አትቀየሙ። ከባልደረቦቻቸው እኩሌታው ከእኛ ጋር ቆሟል፤ እኩሌታው ጣቢያ ነው፤ ሁለቱም መኪኖች ሙሉ ናቸው። እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ እሳት በማይደርስበት፣ ውኃው በማይጎድልበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለእናታችን ብርታቱን፣ ልታጽናኑን ለመጣችሁ ሁሉ የደከማችሁበትን ዋጋ ይክፈልልን። አሜን።